«ድንጋዩ አልቋል በሏቸው»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽ ላይ አንዲት እናት፣ ልጆቻችንን ይዘን ለሽርሽር ስንወጣ ታብሌቱንም ጌሙንም ቤት ቆልፈንበት እንሂድ ሲሉ ጽፈዋል። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ነገር ግን እኚህ እናት ሦስት ልጆችና አንዲት አያት አሳፍረው፣ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ በማይነዳበት የተራራ መንገድ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ያውቁ ይሆን? እኔ ተጉዣለሁ። ስለዚህ ታብሌት ይያዝ ወይስ ይቅር በሚለው አልከራከርም፤ ይያዛል። ከተያዘ ዘንድ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣና ማን ከማን ጋር እንደሚሻማበት ከመነሳት በፊት መታሰብ አለበት። ይህን የምጽፈው እያወቅኩ ተሳስቼ ቤተሰቤን በብርድ ያሳደርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያን ጊዜ መብራት ያልገባላቸው የገጠር ሰዎች ከሐይቅና ከኩታበር ዙሪያ የመኪና ባትሪ በአህያ ወይም በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነው ያመጡልን ነበር። ሌሊቱን እንሞላላቸዋለን፤ በእሷ ሳምንቱን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያዩባታል። ሲረከቡ አንድ ነገር እነግራቸው ነበር፦ «ምስሉ ከዳርና ከዳር መጥበብ ሲጀምር አጥፉት፤ አታሟጡት፤ ተሟጦ የሚያድር ባትሪ ይሞታል።» ይህን ስንት መቶ ጊዜ እንደተናገርኩት እግዚአብሔር ይወቀው።

እናቴ ባለፈው ዓመት ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ባለቤቴ በጥቅምት ወር ባለው ረጅም የሳምንት መጨረሻ «ተራራ እናሳያት» አለች። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው ተራራ ማሳየት ለቀባሪው አረዱት ነው ብዬ ነበር፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። አልጋ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ያለው መኪና ለአራት ቀን ተከራየን። እዚህ አር ቪ ይሉታል፤ እናቴ ገብታ ከዞረችው በኋላ «ሂያጁ ቤት» የሚል ስም አወጣችለትና እኛም በዚያው ጠራነው።

የኪራይ ቢሮው ልጅ ቁልፉን ሲያስረክበን በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሶኬቶች በእጁ እያሳየ «ሁሉም ይሠራል» አለን። አልዋሸም። የሚሠሩት ግን መኪናው በካምፕ ውስጥ ካለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር በገመድ ሲያያዝ ወይም ጄኔሬተሩ ሲነሳ ብቻ መሆኑን አልጨመረልንም። እኔም፣ ስምንት ዓመት ሶኬት ስፈታ የኖርኩት ሰውዬ፣ አልጠየቅኩም። ውሉ ላይ ፈርሜ ወጣሁ።

ጭነታችንን ልዘርዝር፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ታላቁ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 የሚባለውን የጌም ማጫወቻ እንደ ብርሌ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከልብሱ መካከል አስገብቶታል። የ10 ዓመቷ ልጄና የ6 ዓመቱ ትንሹ አንዳንድ ታብሌት ይዘዋል። የእኔና የባለቤቴ ስልኮች አሉ። እናቴ ከደሴ ያመጣቻት በሁለት ድንጋይ፣ ማለትም በደረቅ ባትሪ፣ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ አለቻት። እኔ ደግሞ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ምሽት «ለልጆቹ» ብዬ ባለ 400 ዋት ኢንቨርተር ገዝቻለሁ። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት የቤት ሶኬት ወደሚሰጠው 120 ቮልት የሚቀይር ሳጥን ነው።

ሼናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ የገባነው በፍሮንት ሮያል በር በኩል ነው። በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ይረዝማል፤ ቅጠሉ ቀልቶና ቢጫ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች በመስኮት አዩ። ከዚያ በኋላ ታብሌት። በዚህ አልተናደድኩም፤ ሞተሩ እየዞረ ነው፣ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው፣ ሁለቱ ታብሌቶች ከፊት ባለው የሲጋራ ማቀጣጠያ ቀዳዳ ላይ በተሰካ ትንሽ ቻርጀር እየጠጡ ነው። መኪና በሚሄድበት ጊዜ የልጆች ኤሌክትሪክ ማንንም አይጎዳም። የሜሪስ ሮክ ዋሻ ላይ ብቻ ሁላችንም ዝም አልን። የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ የእኛ ቤት ቁመት 11 ጫማ ከጥቂት ኢንች መሆኑን መሪው አጠገብ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ ግን እስክናልፍ ድረስ አንገቷን ደፍታ ነበር፣ እሷ ዝቅ ካለች ቤቱም ዝቅ የሚል ይመስል።

ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ካምፕ ደርሰን ቆምን። በሼናንዶአ ካምፖች የኤሌክትሪክ ምሰሶ የለም። ጄኔሬተርም የሚነሳው ጠዋትና ወደ ማምሻው በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ነው፤ ሌሊት ጸጥታ ነው። ታላቁ ፕሌይስቴሽኑን ከብርድ ልብሱ ፈትቶ ግድግዳው ላይ ሰካ። ምንም። ሌላው ሶኬት ላይ ሰካ። ምንም። ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ኢንቨርተሬን ይዤ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሰካሁት የሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ነው። ፕሌይስቴሽኑ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ፤ አብሮት ቀዳዳውም ሞተ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው በ15 አምፒር ፊውዝ ነው። 15 በ12 ሲባዛ 180 ዋት፤ ከዚያ በላይ አይችልም። ፕሌይስቴሽን 5 በጨዋታ ላይ ሳለ 200 ዋት ገደማ ይበላል፤ ቴሌቪዥኑ 40 ዋት ይጨምራል። ይህን ስሌት የማውቀው ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት ነበር። ደግሞም የታብሌቶቹ ቻርጀር የነበረው እዚያው ቀዳዳ ላይ ስለሆነ የትንሹ ታብሌት 9 በመቶ ላይ ቀረች፤ ለቅሶው ከፕሌይስቴሽኑ የባሰ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ያስተዋለ አባት ፊውዝ ቀይሮ፣ ታብሌቷን ሞልቶ፣ ታላቁን «ይቅርብህ» ይለዋል። እኔን ግን የደሴ ሙያዬ ተነሳብኝ። የበሩን መወጣጫ ከፈትኩ፤ የቤቱ ባትሪ እዚያ ስር ተቀምጣለች። እንዲህ ያለው መኪና ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፤ አንደኛው ሞተር ያስነሳል፣ ሌላው ቤቱን ያስተዳድራል። የኢንቨርተሩን መቆንጠጫዎች ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር በቀጥታ ከቤቱ ባትሪ ጋር አያያዝኩ። ቴሌቪዥኑ በራ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እናቴ እንኳ «አባቱን ይመስላል» አለች፤ በእሷ አንደበት ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ሲያጋጩ አመሹ፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ቡና ጠጣሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዳች ነገር እንደ ጫጩት ሲጮህ ነቃሁ። ጥቅ፣ ዝም፣ ጥቅ። ከወለሉ አጠገብ ያለችው የጋዝ ጠቋሚ ናት፤ ኃይል አነሰኝ ትላለች። የማሞቂያው ድምፅ የለም። እጄን ወደ አየር ማውጫው ዘረጋሁ፤ ቀዝቃዛ። የውኃውን ቧንቧ ከፈትኩ፤ ፓምፑ አልተነሳም። መብራቱን ስጫን እንደ ሻማ ጭራ ቀልቶ ቀረ። የውጪው ብርድ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር።

ማሞቂያው የሚነድደው በጋዝ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከባትሪ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለውም። ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ ግን ባትሪ ይፈልጋል፤ እሱ ካልዞረ እሳቱም አይነሳም። በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሳይቀር የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው የሚኖረው በባትሪ ነው። የጋዝ ጠቋሚዋም እንደዚሁ። ልጆቼ በሁለት ሰዓት ጨዋታ የበሉት ሙቀታችንን፣ ውኃችንንና ዘበኛችንን ነው። እነሱ ምን ያውቃሉ? ያበላሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ጨለማ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ባትሪዋ 100 አምፒር ሰዓት ናት፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት። አንድ ዋት ሰዓት ማለት አንድ ዋት የሚበላ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ኃይል ነው። የእርሳስ ባትሪ ስለሆነች እንዳትጎዳ ከግማሽ በታች መውረድ የለባትም፤ ስለዚህ የእኛ ድርሻ 600 ነው። ፕሌይስቴሽኑና ቴሌቪዥኑ በሁለት ሰዓት 480፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ሲቀይር ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት ያህሉን በሙቀት ስለሚያባክን ወደ 550። የቀረው 50። የማሞቂያው ማራገቢያ ሲዞር 90 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በብርድ ሌሊት ግማሹን ጊዜ ቢዞር እንኳ በአሥር ሰዓት 450 ይፈልጋል። ስሌቱ አምስተኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ ነው።

በሌላ በኩል የአንድ ታብሌት ባትሪ 30 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ከባዶ ለመሙላት ከብክነቱ ጋር 35 በሉት። የአንድ ሰዓት ፕሌይስቴሽን ከነቴሌቪዥኑ የሰባት ታብሌት ሙሉ ቀለብ ማለት ነው! ጋዜጣችሁ ላይ የጻፉት እናት ታብሌትንና ጌምን በአንድ ቁልፍ መቆለፋቸው በአስተዳደግ በኩል ልክ ይሁን አይሁን እሳቸው ያውቃሉ፤ በኤሌክትሪክ በኩል ግን ድንቢጥንና ዝሆንን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው።

ሞተሩን ማስነሳት እችል ነበር። ጸጥታ በታዘዘበት ሰዓት፣ በዙሪያችን ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ድፍረቱን አጣሁ። የጋዙን ቧንቧ ከውጭ ዘጋሁ፤ ጠቋሚ ሳይኖር ጋዝ ከፍቶ ማደር አይገባም። ልጆቹን ወደ ትልቁ አልጋ ሰብስበን በእናቴ ሁለት ጋቢና በብርድ ልብሱ ሁሉ ሸፈንናቸው። እናቴ ከላይ ካለው አልጋ ሆና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዝም አለችና «ነገ ሲጠይቁህ ድንጋዩ አልቋል በላቸው፤ ምን አስጨነቀህ?» ብላ ተኛች።

ድንጋይ ማለቷ የአባቴን ሬዲዮ አስታውሳ ነው። አባቴ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ ነበረው። የሚከፈተው ለምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ነው፤ ዜናው እንዳለቀ ይዘጋል። ዘፈን ተጀምሮ እኛ «ትንሽ ብቻ» ስንል «ድንጋዩ አልቋል» ይለናል፤ አላለቀም፣ ግን ክርክሩ ያልቅ ነበር። እውነት ሲደክምም አውጥቶ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ያሰጣዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲመጣ እኛ ልጆቹ ወደ ፀሐዩ እናዛውረዋለን። ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። አባቴ ዋት ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስንት ዜና እንደቀረው ግን ያውቅ ነበር።

ጠዋት ጄኔሬተር በሚፈቀድበት ሰዓት አስነሳን። የእርሳስ ባትሪ እየሞላ በሄደ ቁጥር መቀበሉን ስለሚቀንስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮሆም አልሞላም። ከአጠገባችን አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ከሚስታቸው ጋር ሰፍረው ነበር፤ እሳቸው ጄኔሬተር አላስነሱም። የሚታጠፍ የሶላር ሰሌዳ ሣሩ ላይ ዘርግተዋል። ዛፉ ጥላውን ሲያመጣ ወጥተው ሰሌዳውን ሁለት እርምጃ ይጎትቱታል፤ ይገባሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይወጣሉ። እናቴ በመስኮት ስታያቸው ቆይታ በሳቅ ፈነዳች። «ና እየው፤ እኚህም ሰውዬ ድንጋይ ያሰጣሉ!»

ወጥቼ አነጋገርኳቸው። የ100 ዋት ሰሌዳ ነው፤ በጠራ የበጋ ቀን ከ300 እስከ 400 ዋት ሰዓት ይሰጣቸዋል፣ በጥቅምት ከዛፍ ሥር ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ እንዴት እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው ከመቀመጫ ሥር አንዲት ሳጥን አውጥተው አሳዩኝ። በእጅ የምትያዝ የሊቲየም ባትሪ ናት፤ 500 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ አላት፣ የግድግዳ ዓይነት ሶኬትም አላት። መኪናው ሲሄድ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ቀስ እያለች ትሞላለች። የቤቱን ባትሪ ልጅ አይነካውም፤ የልጆቹ ሳጥን ስታልቅ ደግሞ አለቀች ነው፤ ማሞቂያው ሥራውን ይቀጥላል።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችሁ የማቀብለው ይህንኑ ነው። ሂያጁ ቤት ለመከራየት የምታስቡ ካላችሁ የልጆቹን ኤሌክትሪክ ከቤቱ ኤሌክትሪክ ለዩት። እኔ ተመልሼ እንዲያ ያለችውን ሳጥን ገዝቻለሁ። ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የኪራይ ቢሮውን «ገመድ ሳይሰካና ሞተር ሳይነሳ የትኛው ሶኬት ይሠራል? የቤቱ ባትሪ ስንት አምፒር ሰዓት ነው? እርሳስ ነው ሊቲየም?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሠራተኛ ቢያጋጥማችሁ የሚያውቀውን ያምጣላችሁ፤ አትፈሩ። ታብሌትና ስልክ በኢንቨርተር አትሙሉ። 12 ቮልቱን ወደ 120 አውጥቶ ቻርጀሩ እንደገና ወደ 5 ማውረዱ፣ ውኃ ከወንዝ ቀድቶ ተራራ ላይ ካወጡ በኋላ መልሶ ሸለቆ ማፍሰስ ነው፤ በየደረጃው ይንጠባጠባል። በቀጥታ ከ12 ቮልቱ የሚሞላ ቻርጀር ጥቂት ዶላር ነው። ፊልሙንም ቤት ሳላችሁ አውርዱት፤ በተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ስልኩ ኔትወርኩን በመፈለግ ብቻ ባትሪውን ይጨርሳል። መለዋወጫ ፊውዝ ያዙ፤ የእኔን ያገኘሁት ሉሬይ ከተማ ወርጄ ነው።

ሦስተኛውን ሌሊት ያደርነው እዚያው ሉሬይ አካባቢ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ባለው ካምፕ ነው። 30 አምፒር በ120 ቮልት፣ 3,600 ዋት፤ ከበቂ በላይ ይመስላል። ባለቤቴ ለጀበናው ምድጃዋን፣ እኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን፣ ልጄ ማይክሮዌቩን በአንድ ጊዜ ስናበራ ብሬከሩ ወደቀ። ፕሌይስቴሽኑ በዚህ ጊዜ ንጹሕ ነበር፤ ታላቁ ይህን ደጋግሞ አስመዝግቧል።

ማስመዝገብ ስል እውነቴን ነው። ከቢግ ሜዶውስ ሌሊት በኋላ ታላቁ ሳይታዘዝ ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀድዶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈ። በአንድ በኩል የዕቃው ስም፣ በሌላው ስንት ዋት፣ በሦስተኛው ስንት ሰዓት እንደሠራ። እህቱ ታብሌቷን ስትሰካ ይጽፍባታል፤ እኔ ስልኬን ስሰካ ይጽፍብኛል፤ መብራት ረስቼ ስወጣ ደግሞ በቀይ። ወረቀቱ አሁን አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታችን ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፏል፣ ለመጪው ጉዞ። መጨረሻው መስመር ላይ የአያቱ ሬዲዮ አለ። በዋት ቁጥሩ ቦታ «2 ድንጋይ» ብሎ ጽፎበታል፤ በሰዓቱ ቦታ ግን ባዶ ትቶታል፣ ሌሊቱን ሙሉ የማታውቀውን የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ስትሰማ አድራ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊቆጥረው ስላልቻለ።

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ